ለአንድ ቱቦ የማልኩት መሐላ

ያገራችን ሰው ከዱባይ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ እያለው ነው። እኔ ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት ሄጄ ስመለስ የታቀፍኩት ግን አንድ ያረጀ የመስታወት ዕቃ ነው። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ሌላ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ባለቤቴም "ለመስታወት ለመስታወት መርካቶ ጠፍቶ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች። ማስረዳቱ ሰለቸኝና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሙያዬ ቫኪዩም ኤሌክትሮኒክስ ይባላል፤ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ማስሮጥ ማለት ነው። ሶቭየት ኅብረት ሄጄ ስማረው የሙያዎች ሁሉ ቁንጮ ነበር። ተመርቄ ስወጣ ዓለም ወደ ትንንሾቹ ቺፖች ዞራ እኔ ከነቱቦዬ ቀረሁ። ደግነቱ አንድ ቦታ ላይ ቱቦ አሁንም ጌታ ነው። ኤሌክትሪክን በጥቂት በጥቂቱ አጠራቅሞ በአንድ ቅጽበት መልቀቅ ሲያስፈልግ እሱን የሚተካ በእጃችን የለም። ይህንን ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ዕቁብ ነው እላለሁ፤ ሁሉም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት ግን ጠቅላላውን ባንዴ ይታቀፋል። በእኔ ዕቁብ ውስጥ ዕጣው የሚወጣው በሰከንድ ሚሊዮንኛ ሲሆን በሩን ከፍቶ የሚዘጋው ቱቦው ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ከትርፍራፊ ዕቃ እየለቃቀምኩ ገጣጥሜ ነበር። የመጨረሻዋ የዶክትሬት ተማሪዬ ሰላማዊት በዚህ ማሽን ወተት ሳይፈላ በውስጡ ያለውን ተህዋስ የመግደል ምርምር ይዛለች። ዲኑ ሊጎበኙን መጥተው "ኮሮናንስ ይገድላል?" ብለው ጠየቁኝ። "ወተት ውስጥ ከገባ" አልኳቸው። አልሳቁም።

ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በጉልበት ሲመለስ ቱቦው ተሰነጠቀና ሞተ። የግዥ ክፍሉ ጨረታ ቢያወጣ የቀረበው አንድ ተጫራች ብቻ ነበር፤ እሱም የውሃ ቱቦ ናሙና ይዞ መጣ። እኔ ሐምሌ ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪው ክፍል ለመጋዘን እንደሚፈለግ በደብዳቤ ተነግሮኛል። ማሽኑ ከሐምሌ በፊት ካልሠራ ሰላማዊት የአራት ዓመት ልፋቷን ጥላ ሌላ ርእስ ትጀምራለች ማለት ነው። ልጅቷ ኢንተርኔት ላይ ስታስስ የመርከብ ራዳር ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ሻርጃ ውስጥ አገኘች። ፎቶው ላይ የእኛ ቱቦ ወንድም ቆሟል። ሽማግሌው በፖስታ መላክ የሚባል ነገር አልፈልግም ብሎ "ና ውሰድ" የሚል መልስ ብቻ ጻፈ። ፈቃድ ሞልቼ ተነሣሁ።

ሰኞ

ጉዞው የተጀመረው በአፍንጫዬ ነው። የምርመራዋ ልጅ እንጨቷን ስትከታት በማጅራቴ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊሉ ተሳፋሪ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ የፕላስቲክ ቱታ ለብሷል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጭምብላቸውን ገለጥ አድርገው ዳቦ ይጎርሱና እንደ ድስት መልሰው ይከድኑታል። ዱባይ ስንወርድ ደግሞ ያንኑ አፍንጫዬን ሌላ ሰው ጠበቀው።

ውጭ የጠበቀኝ ዳዊት ነው። ዳዊት ከብዙ ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። የማሽኑን የሽቦ ጥቅልሎች ከእኔ ጋር በእጁ የጠመጠመ፣ እንደሱ ያለ ተማሪ ደግሜ ያላየሁ ልጅ ነው። ዘመድ ቪዛ ልኮለት ፊዚክስን ትቶ ሄደ፣ አል ጋርሁድ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆነ። ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ኩርፊያ ይዤበት ነበር። የሆቴሉን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲያየኝ ሊስመኝ ዘለለ፣ ወረርሽኙ ትዝ አለውና መንገድ ላይ ቆመ። በክርን ተነካካን። አሥራ ሁለት ዓመት ያልተያዩ ሰዎች በክርን ሲነካኩ ያሳዝናል።

"ዶክተር፣ የሠራተኛ ቤት እንግዳ አያስገቡም፤ ኮሮና ነው። ዲራ ሰፈር ጥሩ ቢድ ስፔስ ይዤልዎታለሁ። ኖ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለኝ።

ቢድ ስፔስ ማለት ቤት ሳይሆን አልጋ መከራየት ነው። አምስት ባለ ሁለት ደረጃ አልጋ፣ አሥር ሰው፣ ሁሉም ያገሬ ልጅ። ለእኔ የታችኛው ጥግ ተሰጠኝ። ታደሰ የሚባል ትከሻው ሰፊ የጎንደር ሰው ምግብ አብሳይ ነኝ ብሎ ተዋወቀኝ። "የዚህ አልጋ ባለቤት የት ሄዶ ነው?" ብለው "እረፍት ወጥቷል፣ ዋላሂ" አለኝ። ታደሰ ስለ ጨው ሲያወራም ዋላሂ ይላል። እዚያ ቤት ውስጥ ቃሉ በቀን አርባ ጊዜ ይነሣል፣ እኛ "እውነቴን ነው" እንደምንለው። እኔም ደስ አለኝና ያዝኩት። ፍራሹ ግን ወገቤን በላኝ፤ ጠዋት ለዳዊት በስልክ ስለ ፍራሹ ሽቦ የሰጠሁት ማብራሪያ ረዘም ያለ ነበር።

ማክሰኞ

ከኮሮና ነጻ ነህ የሚል የምርመራ ውጤት ስልኬ ላይ ገባና ከዲራ በአውቶቡስ ወደ ሻርጃ ወጣሁ። ጭምብሉ መነጽሬን በእንፋሎት ስለሸፈነው "አይቀመጡበት" የሚል ምልክት የተለጠፈበት ወንበር ላይ ሄጄ ዘፍ አልኩ። አውቶቡሱ ሁሉ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ያገር ልብስ የለበስኩ ይመስል ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግታዬም በጭምብል ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ተነሥቶ በጣቱ አሳየኝ። እኛ አገር በዚያው ሰሞን ታክሲ ውስጥ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እየተባልን መሆኑን ብነግረው አያምነኝም ነበር።

ሻርጃ፣ ሮላ ገበያ የወረድኩ ጊዜ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። አስፋልቱ ቢያብረቀርቅም ሮላ መርካቶ ነው። ገንዘብ መንዛሪው፣ ጫማ ሻጩ፣ ሻንጣ ጎታቹ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል፤ ፖሊሱ በድምፅ ማጉያ "ራቅ ራቅ" ይላል። ሰው ለአንድ ደቂቃ ይራራቅና ፖሊሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይገጥማል። ከዚያ በታክሲ ወደ ኢንዱስትሪው ሰፈር ሄድኩ።

ምን አለሽ ተራን ያየ ሰው የሽማግሌውን የአቡ ሰኢድን ሱቅ አይቶታል። ልዩነቱ እዚህ የሚቆለለው የመርከብ አንጀት መሆኑ ነው። የራዳር ሳህን፣ የመዳብ ቧንቧ፣ ማግኔቶች፣ በወጣትነቴ በመጽሐፍ ብቻ ያየኋቸው ዕቃዎች በአቧራ ተሸፍነው ተኝተዋል። ስማቸውን እየጠራሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ሽማግሌው የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይስቅ ነበር። ነጭ ጺሙ በጭምብሉ ግራና ቀኝ ወጥቷል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ መርከብ ላይ የተማረው ነው።

"ሠላሳ ዓመት ይህን ስሸጥ በስሙ የጠራው ሰው አንተ ብቻ ነህ" አለኝ። ሻይ አስመጣ። ቱቦውን ስጠይቀው ግን ጺሙን ያከክ ጀመር።

"እሱ አጅማን ቤቴ ነው ያለው። ፎቶውን ያነሣው ልጄ ነው፣ ዕቃውን ግን ባለቤቴ ወዳዋለች። እንግዳ መቀበያው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። ነገ ምሳ እኛ ጋ ብላ፤ እሷን አነጋግራት።"

ቱቦው እንደ አበባ ማስቀመጫ ተከብሮ መቀመጡን ስሰማ ልቤ ወደቀ። ለሰላማዊት ደውዬ "ተገኝቷል፣ ግን አግብቷል" አልኳት።

ረቡዕ

አጅማን ከሻርጃ ቀጥሎ ያለች፣ ባሕሩን ተደግፋ የተኛች ትንሽ ከተማ ናት። ዱባይ አንገትህን ቀና አድርገህ ካልሆነ አትታይም፤ አጅማንን ግን ደብረ ዘይትን እንደሚያይ ሰው ዘና ብዬ አየኋት።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት በእንግሊዝኛ ሰላም ስላት በአማርኛ "ጋሼ፣ ያገሬ ሰው ነዎት እንዴ!" አለችኝ። አለምነሽ ትባላለች፣ የሞጣ ልጅ ናት። የቤቱን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት፤ የአቡ ሰኢድን ባለቤት እንደ ሁሉም ማዳም ትላታለች። በኮሮና ምክንያት ግቢው ውስጥ በየማዕዘኑ ወንበር ተቀምጦልናል። አቡ ሰኢድ ባንዱ ጥግ፣ ማዳም በሌላው፣ እኔ በሦስተኛው ሆነን እንደ ተጣላ ቤተሰብ እየተጯጯህን ተዋወቅን። ለየራሳችን ሳህን ሩዝ በዓሣ ቀረበ። እንደዚያ ያለ ዓሣ በሕይወቴ አልበላሁም፤ ጣናንም ጨምሮ ነው የምለው።

ከምሳ በኋላ አለምነሽ ቱቦውን በትሪ ይዛ መጣች።

"አራት ዓመት በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ጂኒ የታሰረበት መስሎኝ ፈርቼው ነበር። ዓመት አልፎ ምንም ሳይወጣ ሲቀር ተላመድን" አለችኝ።

ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት። እንዲህ ያለ ቱቦ በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ብርማ ቅብ አለው። መስታወቱ ቢሰነጠቅና አየር ቢገባ ያ ብር እንደ ወተት ይነጣል። የእኛው የሞተ ዕለት እንደዚያ ነጥቶ ነው ያገኘነው። ይሄኛው ግን ፊቴን እስኪያሳየኝ ያበራል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጭምብሉ ጥቂቱን ደበቀልኝ።

ማዳም በአረብኛ አንድ ነገር አለች። አለምነሽ ተረጎመችልኝ፤ "ሰው ለመስታወት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ይውሰደው ነው የምትለው።"

ደስታዬ መጠን አልነበረውም። ቶሎ ብዬ ያዘጋጀሁትን ፖስታ ከኪሴ አወጣሁ። የማዳም ፊት ተለወጠ።

"ከባሌ የተሰጠኝን አልሸጥም። ስጦታ ነው። ዋላሂ ፍሉስ አልቀበልም!"

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። እኛ ዘንድ የተሰጠን ነገር ባንዴ መቀበል ነውር ነው። ሁለቴ እምቢ ይባላል፣ ሰጪው ይገዘታል፣ በሦስተኛው እያፈሩ ይቀበላሉ። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ። ያንን ሁሉ ደግነት አይቼ እጄን ዘርግቼ ብቀበል እናቴ ከመቃብር የምትነሣ መሰለኝ። ጨዋነቴን ደግሞ በሚገባት ቋንቋ ላሳምረው ብዬ ከታደሰ የተማርኩትን ቃል መዘዝኩ።

"ያለ ገንዘብ ዋላሂ አልወስድም!" አልኩ፣ ደረቴን መትቼ።

አለምነሽ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "ጋሼ! ምን አደረጉ!"

አቡ ሰኢድ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። "በአላህ ስም ማለ" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

"ለጨዋነት ያልኩት ነው" አልኩ።

"በአላህ ስም ለጨዋነት አይማልም። እሷ ገንዘብ አልቀበልም ብላ ማለች፣ አንተ ያለ ገንዘብ አልወስድም ብለህ ማልህ። ከሁለቱ አንዱ መፍረስ አለበት። ያፈረሰ ሰው አሥር ድኃ ያበላል፣ በእኛ ዘንድ ሥርዓቱ ይህ ነው። እሷን ሠላሳ አምስት ዓመት አውቃታለሁ፣ አታፈርስም።" ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔኮ ክርስቲያን ነኝ።"

"የማልክበት አምላክ ያንተም አይደለም?"

"ነው።"

"እንግዲያው።"

አባቴም ቢሆን በእግዚአብሔር ስም ምዬ ብሽር አይምረኝም ነበር። አቡ ሰኢድ መጀመሪያ አብላ፣ ከዚያ ትወስዳለህ አለኝ። በረራዬ ዓርብ ጠዋት ነው። ማዳም ራሷ አዝና ቱቦውን ወደ መደርደሪያው አስመለሰችው፤ እኔም ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው በዓይኔ ተከተልኩት።

በር ላይ አለምነሽ ቀስ ብላ "ያረፉት የት ነው?" አለችኝ። ዲራ ቢድ ስፔስ ስላት፣ "ታዲያ ጋሼ ድኃ ፍለጋ ሌላ የት ይሄዳሉ?" አለች። ስለ ልጆቹ ተቀየምኳት። ሁሉም ጠዋት ጠዋት ለብሰው፣ ጫማቸውን አጽድተው ሲወጡ አይቻለሁ።

ለሰላማዊት ደወልኩ። "ቱቦው ደህና ነው፣ የጎደለኝ አሥር ድኃ ብቻ ነው" አልኳት። "ዶክተር፣ ትኩሳት አለዎት እንዴ?" አለችኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ለመመለሻው አፍንጫዬን ለሦስተኛ ጊዜ አስበርብሬ ድኃ ፍለጋ ወጣሁ። አገሬ ቢሆን የአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ይበቃኝ ነበር። ዲራ ውስጥ ግን እጁን የሚዘረጋ ሰው የለም፤ ልመና ክልክል ነው፣ መሰብሰብም ክልክል ነው። አንድ ሽማግሌ የመንገድ ጠርዝ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘሁና ምሳ ልጋብዝዎት አልኩት። ከኋላው ያለው ሱቅ የሱ ኖሯል። የወቀሰኝበትን ቋንቋ ባላውቀውም ይዘቱ ገብቶኛል።

ረፋዱ ላይ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ልጆቹም አንድ በአንድ ይገቡ ነበር፤ ያን ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የነበረባቸው ሰዎች። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ታሪኩን ከሰላማዊት ጀምሬ እስከ መሐላው ነገርኳቸው። እስከ መሐላው ድረስ ሳቁ። አሥር ድኃ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ።

"ዶክተር፣ እኛ ድኃ አይደለንም። ሥራ፣ ሹግል የጠፋብን ሰዎች ነን" አለ ታደሰ፣ ቀስ ብሎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከላይኛው አልጋ አንድ ድምፅ መጣ።

"እኔ ሰባት ወሬ ነው ከሥራ ከወጣሁ። ድኃ ነኝ፣ ይጻፉኝ።"

"ሰባት ወር ምን አላት?" አለ ሌላው። "እኔ ዘጠኝ!"

"እኔኮ ቪዛዬም አልፏል!"

"አንተ ቢያንስ ኩባንያህ አለ፤ የኔ ራሱ ተዘግቷል!"

ክርክሩ ጦፈ። ማን ከማን ይበልጥ እንደደኸየ ማስረጃ እየተጠራ እየተጯጯሁ ከአልጋቸው ወረዱ። ታደሰ መጨረሻ ላይ እጁን አነሣ። "ኸላስ፣ በቃ! እንግዲህ ድኃም ከሆንን በደንብ የበላን ድኃ እንሁን። ከውጭ ምግብ አይገዛም፣ የማበስለው እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ለሰው አልሠራሁም።"

ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ናቸው። የሕንጻውን ዘበኛ እንጥራ እያልን ሳለ ዳዊት ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በስልክ ግዛልን ያልነውን ሽንኩርትና ዶሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"አሥረኛው እኔ ነኝ፣ ዶክተር።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሆቴሉ ከቀነሰው ስድስት ወር አልፎታል። ሸሚዙን የሚለብሰው ሌላ ደህና ሸሚዝ ስለሌለው ነው። የተኛሁበት አልጋ የእሱ ነው። እኔን እዚያ አስተኝቶ እሱ ኩሽና ወለል ላይ ያድርና ሳልነቃ ይወጣ ነበር። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን የፍራሽ ሽቦ ሦስት ቀን ሙሉ ለባለቤቱ ስወቅስለት መክረሜን። እንዴት እንዳፈርኩ ልጽፈው አልችልም። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ፊዚክስ ትቼ ስሄድ አኩርፈውኝ ነበር። እንደገና ላሳዝንዎት አልፈለግሁም" አለኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን አስቀምጦ፣ "አሁን ተዉት። ምሳ ብቻ ያብሉኝ" አለ።

ታደሰ ያን ዕለት ያዘዘን አዛዥነት የጦር መሪም የለውም። እኔን ሽንኩርት አስላጠኝ። መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ እያንዳንዱ በየአልጋው ላይ ሆኖ ሩዝና ዶሮውን ታቅፎ በላ። ዳዊትን ግን የራሱ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ፎቶ አንሥቼ ለአቡ ሰኢድ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "አሥር ናቸው። አንተስ በላህ?" አልበላሁም፤ ሳህኑ አሥር ብቻ ነው። ይህን ሲሰሙ አንዱ የድስት ክዳን አነሣ። መጉረስ መጎራረስ በተከለከለበት ዘመን ክዳኗ ከአልጋ አልጋ ዞራ ከየሳህኑ በንጹሕ ማንኪያ አንድ አንድ ተጥሎባት እኔ ጋ ደረሰች። ጠግቤ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ የአቡ ሰኢድ መኪና ሕንጻው ሥር ቆመ። ማዳም ከኋላ ወንበር ላይ ቱቦውን በጭኗ ይዛ፣ ቀበቶዋን በላዩ አስራ ተቀምጣለች። አለምነሽ በራሷ ሹራብ ጠቅልላዋለች። ከመኪናው ሻንጣ ደግሞ በርሜል የሚያህል ድስት ወረደ። ማዳም እንግዳን መሐላ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ ብላ ጸጸት ይዟት ኖሮ እሷም ለአሥር ሰው አብስላለች። ድኆቼ በአንድ ቀን ሁለቴ በሉ። ታደሰ ቀምሶ "ቅመሙ በዝቷል" አለ፣ ድስቱን ግን ያጸዳው እሱ ነው።

ቱቦውን ስትሰጠኝ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አፌን እንዳልከፍት አለምነሽ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

"ማዳም 'መደርደሪያዬ ላይ አሁን ምን ላስቀምጥ?' ትላለች" አለችኝ። የሞተውን ወንድሙን እንደምልክላት ቃል ገባሁ፣ ሳልምል። በኋላም ልኬዋለሁ። አለምነሽ "ይሄ ነጣ ያለ ነው፣ ግን አቧራ አይታይበትም" ብላ አስተያየቷን ሰጥታለች።

ዓርብ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የፍተሻው ሰው ማያውን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ማብሪያ ማጥፊያ ነው" አልኩ።

"የመብራት?"

"ትንሽ ተለቅ ላለ ነገር።"

መልሴ አልጠቀመኝም። አለቃ ተጠራ፣ የአለቃ አለቃም ተጠራ። የሳይንስ ማብራሪያ በሰጠሁ ቁጥር ሰዎቹ አንድ እርምጃ ይርቁኛል። በመጨረሻ አቡ ሰኢድ በአረብኛ የጻፈልኝ ወረቀት ትዝ አለኝ። ትልቁ አለቃ አንብቦ ሳቀና ለሌሎቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ምን እንደሚል አንደኛቸው በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ "ይህ ዕቃ የባለቤቴ ነበር። ይህ ሰው ለእሱ ሲል አሥር ሰው አብልቷል። አታስለቅሱት።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አሳለፉኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበርና አስተናጋጇ ቱቦውን በቀበቶ አሰረችልኝ። ውሃ ስትሰጠኝ እሱንም አየት አደረገችው።

ከተመለስኩ በኋላ

ዓመታት ሳይሠራ የተቀመጠ ቱቦ ባንዴ ሙሉ ኃይል ከተለቀቀበት ይሞታል። ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ ቀናት ሙሉ ይጠበቃል፤ ከዚያ ትንሽ ኃይል፣ ከዚያ ጨመር። እኔና ሰላማዊት ሦስት ሳምንት እንደ ታማሚ ተራ ገብተን አስታመምነው። ማሽኑን የምንተኩስበት ቀን ለዳዊት በቪዲዮ ደወልኩ፤ ስልኩን የማሽኑን ልኬት የሚያሳየው ማያ ፊት አቆምኩለት። ዲራ ያሉት ሁሉ ከጀርባው ተጋፍተዋል።

ሰላማዊት ከገበያ ያመጣችውን ወተት ሞልታ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ጧ! አለ። ከዓመት በላይ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ማያው ላይ የኤሌክትሪኩ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሜዳውን ሄደ፣ ወረደ። ሰላማዊት እየጮኸች ዘለለች። ዲራ ውስጥ ጭብጨባ ተነሣ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም።

ዳዊት ግን አላጨበጨበም። ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ "ዶክተር፣ አንዴ ይድገሙት" አለ። ሰላማዊት ደገመችው። "አወራረዱ ጅራት አውጥቷል። በዚህ መጠን መርዘም አልነበረበትም፤ ኤሌክትሪኩ መውጫ እየጠበበው ነው። ቱቦው ጤነኛ ነው። ወተቱ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ ደግሞ እንደ ወተት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።"

ተያየን። ሰላማዊት ከዕቃው ጥቂት ቀድታ ቀመሰች፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። እውነትም የወተት ሽታ ያለው ውሃ ነበር። በማግስቱ ሻጩ ፊት ቆማ እስኪያምን አልተወችውም፤ በሌላ ወተት ስንተኩስም ጅራቱ ጠፋ፣ ልኬቷም ከሐምሌ በፊት ተጠናቀቀ። ያን ዕለት ግን ወተቱን እንደያዘች ስልኩን ከቆመበት አነሣችው። በአካል አይታው አታውቅም። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጠይቀው ፈርቼ የቆየሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው።

"ጋሽ ዳዊት፣ መቼ ነው የሚመለሱት?"